የሚጾም ብልሽት

ዘመኑን በትክክል አላስታውሰውም። ከምርጫ ዘጠና ሰባት በኋላ እንደ ሆነ ግን አልስተውም፤ ያን ጊዜ ሁለት ሐበሻ ዙሪክ ባቡር ጣቢያ ቢገናኝ ከሰላምታው በፊት «አንተ የየትኛው ወገን ነህ?» ይባባል ነበርና። ባለቤቴ አሰለፈች ብትኖር ዓመቱን ከነወሩ ትነግራችሁ ነበር። እሷ ዘመን የምትቆጥረው በልጆች ክርስትና ነው፤ «የእነ እገሌ ልጅ ክርስትና የተነሣ ጊዜ» ብላ ትጀምርና አትስትም። እኔ ግን ሰውየውን እይዛለሁ እንጂ ዓመቱ ከእጄ ያመልጣል።

ባለፈው ጾመ ነቢያት ከጄኔቫ ስልክ ተደወለልኝ። ማርታ ናት። እዚያው የተወለደች ልጅ ስለሆነች ሲጨንቃት አማርኛዋ ወደ ፈረንሳይኛ ይሸሻል። «ጋሼ ታዬ፣ እማዬ... ሴ ፊኒ። አረፈች» አለችኝ። ስልኩን እንደያዝኩ ዝም አልኩ። እሷም ዝም አለች። እናቷ ቢሰሙን ኖሮ «ምነው፣ መስመሩ ተበላሸ እንዴ?» ይሉን ነበር ብዬ አሰብኩና፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ በእንባዬ መካከል ሣቄ መጣ።

እትዬ መስመር ነበር የምንላቸው። ቅጽል ስሙን ያወጣንላቸው እኛ የዙሪክ ሰዎች ነን፤ እሳቸውም ወደዱት። በወጣትነታቸው አዲስ አበባ አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ ስልክ አገናኝ ነበሩ። ጄኔቫ ከመጡ በኋላ ደግሞ እስከ ጡረታቸው ድረስ የሠሩት አንድ ሬዲዮ ጣቢያ ነው። ሥራቸው፣ ከሌላ ከተማ በመስመር የሚመጣው ድምፅ ሳይቆረጥ መድረሱን መጠበቅ ነበር። መብራት በሞላበት ግድግዳ ፊት ይቀመጣሉ፤ አንዱ መብራት ቀለሙን ሲለውጥ የትኛው መስመር እንደ ወደቀና መቼ እንደ ተመለሰ ይከታተላሉ። «ሰው ቴሌቪዥን ያያል፤ እኔ መብራት አያለሁ። የእኔው ይሻላል፣ ማስታወቂያ የለውም» ይሉ ነበር።

አጭር ናቸው። መነጽራቸው በጫማ ማሰሪያ ከአንገታቸው ይንጠለጠላል። የፈረንጅ ዝናብ ካፖርት ላይ ነጠላ ደርበው ሲሄዱ ከሩቅ ይታወቃሉ። ሰው ሲያናግራቸው አንገታቸውን ወደ ቀኝ ጠመም ያደርጋሉ፤ ዓይናቸው ሳይሆን ጆሯቸው የሚያይ ይመስላል። ስልክ ሲደውሉ ደግሞ ከመናገራቸው በፊት የስልኩን አፍ በጥፍራቸው ሁለት ጊዜ ጧ፣ ጧ ያደርጉታል። ከዚያ በኋላ ነው «አለህ?» የሚሉት።

እንዴት እንደ ተዋወቅን ልንገራችሁ። ጄኔቫ ቄስ ነበር። ዙሪክ ግን ቄስ የሚመጣልን በወር አንዴ ነው። በቀሩት እሑዶች ከአንድ የስዊስ ቤተ ክርስቲያን በተከራየነው አዳራሽ ተሰብስበን መዝሙር ዘምረን እንበታተን ነበር። እትዬ መስመር ይህን ሰሙና፣ ሬዲዮ ጣቢያው አሮጌ ናቸው ብሎ የጣላቸውን ሁለት ሣጥኖች ለምነው ወሰዱ። አንዱን ጄኔቫ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ አስቀመጡ፤ አንዱን በባቡር ተሸክመው ዙሪክ አመጡልን። ጠባቂ ሲፈለግ ሁሉም እኔን አየ። ክሎተን ከሚባለው የዙሪክ አውሮፕላን ማረፊያ፣ አውሮፕላን ሳጸዳ ኖሬ በጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ፤ ጊዜ አለኝ። ትምህርት ግን የለኝም። የኔታ ዘንድ ዳዊት ደግሜ አቆምኩ፤ ከዚያ ወዲያ የትምህርት ቤት ደጅ አልረገጥኩም።

«ሣጥኑ ላይ የተጻፈውን ማንበብ አልችልም እኮ፣ እትዬ» አልኳቸው።

«ወፍጮ ቤት ሄደህ ታውቃለህ?»

«እንዴታ!»

«እንግዲያ ታውቀዋለህ። ይህ ሣጥን የቄሱን ድምፅ ፈጭቶ ዱቄት ያደርገዋል። ዱቄቱ በኢንተርኔት ይመጣል። ያንተው ሣጥን ደግሞ አቡክቶ መልሶ ድምፅ ያደርገዋል። አረንጓዴ ሲበራ ሁሉ ደህና ነው። ቢጫ ሲበራ መስመር አለ፣ ግን የሚናገር የለም ማለት ነው። ቀይ ሲበራ መስመሩ ራሱ የለም፤ ያን ጊዜ ሣጥኑ ይጮኻል። በቃ! ባንዲራችንን የሚያውቅ ሰው ይህ አይከብደውም።»

እሑድ ጠዋት ጠዋት ከቅዳሴ በፊት መስመሩን እንፈትሻለን። ጧ፣ ጧ። «ታዬ፣ አለህ?» «አለሁ፣ እትዬ።» «በል ማይኩ ላይ አባታችን ሆይ በል።» አንድ ቀን፣ ፈረንጆቹ መስመር ሲፈትሹ አንድ ሁለት ሦስት ሲሉ እንደማይ ነገርኳቸው። «ቁጥር ጄኔቫ ካልደረሰ ባከነ» አሉኝ። «አባታችን ሆይ ጄኔቫ ባይደርስ ወደ ላይ ይደርሳል።»

መጀመሪያ ጊዜ መስመሩ የተቆረጠ ዕለት የሆነውን እስካሁን እስቅበታለሁ። ቅዳሴው ወደ ማብቂያው ነበር። ሁላችን ቆመን እየሰማን ሳለ የቄሱ ድምፅ ድንገት ጠፋና ሣጥኑ ጢን፣ ጢን፣ ጢን አለ። ሕዝቡ የመቅደሱ ቃጭል መሰለው። አዳራሹ ሙሉ በግንባሩ ተደፋ። ጠባቂው እኔም ተደፋሁ። ተነሡ የሚል ድምፅ ግን አልመጣም። ተደፍተን ቆየን። ጉልበቴ መንቀጥቀጥ ሲጀምር ከሴቶቹ በኩል አሰለፈች በሹክሹክታ፣ «ታዬ፣ አባ ደክሟቸው ይሆን?» አለችኝ። ቀና ስል ቀይ መብራት።

ለእትዬ መስመር ስነግራቸው እስኪያስላቸው ሣቁ። «ዕድሜዬን ሙሉ ከማንቂያ ደወል ጋር ኖሬያለሁ፤ ሲያስሮጥ እንጂ ሲያሰግድ አላየሁም!»

ከዚያ ወዲህ ግን ሣቁ ቀረ። መስመሩ በየእሑዱ ይቆረጥ ጀመር፤ ያውም ሁልጊዜ ወደ ማብቂያው። ቅዳሴው ሊያልቅ ሲል ይጠፋል፣ ስብከቱና ማስታወቂያው ካለፈ በኋላ ይመለሳል። ማስታወቂያው መጨረሻ ላይ ደግሞ ቄሱ ከምርጫው በኋላ ለታሰሩ ልጆች በየስማቸው ይጸልዩ ነበር።

ቢራራ የሚባል ትራም ነጂ አብሮን ነበር። ልቡ ንጹሕ ነው፤ አንደበቱ ግን ፍሬን የለውም። ታናሽ ወንድሙ አዲስ አበባ ከታሰሩት አንዱ ነው። የወንድሙን የክርስትና ስም ለቄሱ ልኮ፣ በየእሑዱ ከድምፅ ማጉያው ሥር ቆሞ ይጠብቃል። በየእሑዱ ስሙ ሳይጠራ መስመሩ ይቆረጣል። ይህን አስቡት እንግዲህ።

«ሆን ብለው ነው!» ይላል። «ጄኔቫዎቹ ለታሰሩት ሲጸለይ እንድንሰማ አይፈልጉም። ከመካከላቸው የመንግሥት ሰው አለ።»

ጄኔቫ ያሉት ደግሞ በተራቸው፣ «ዙሪኮች ሙዳየ ምጽዋት ሊዞር ሲል ጆሯቸውን ይዘጋሉ» አሉ። ወሬ በባቡር ይመላለሳል። ከዓመት በላይ እንዲህ ቆየንና፣ በመጨረሻ ቢራራና ጓደኞቹ «እንለይ! የራሳችንን እንፈልግ» አሉ። የራሳችን የሚባል ነገር አልነበረንም። ብንለይ የወር ቄሳችንም ይቀራል፤ አዳራሹም ይዘጋል፤ የሰበሰበን ሁሉ እንደ ጉም ይበተናል። በዳግም ትንሣኤ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ እንዲወሰን ቀጠሮ ተያዘ።

ከዚያ ቀደም ብሎ፣ የፋሲካው ሳምንት ውስጥ፣ ስልክ መጣ። ጧ፣ ጧ።

«ታዬ፣ ስቅለት ዕለት ሣጥኑን ነካክተሃል?»

«ኧረ አልነካሁም።»

«የግንኙነቱን መዝገብ አውጥቼ እያየሁ ነው። ሣጥኖቹ የወደቁበትንና የተነሡበትን ሁሉ ይጽፋሉ። ስቅለት ዕለት ከጠዋት እስከ ስግደቱ ፍጻሜ አንዴም አልወደቀም።»

«ተመስገን።»

«ቆይ፣ ስማኝ። ፍልሰታን አየሁት። ያን ጊዜ የየዕለቱ ቅዳሴ ከሰዓት በኋላ ነበር አይደል? ብልሽቱም ከሰዓት በኋላ ሆነ። ጾሙ ተፈታ፣ እሑድ ጠዋት ተመለስን፤ ብልሽቱም ጠዋት ተመለሰ።» የመዝገቡን ወረቀት ሲገልጡ ሰማሁ። «ታዬ፣ ይህ ብልሽት ይጾማል።»

አማተብኩ። «ሰይጣን ይሆን እንዴ፣ እትዬ?»

«ሰይጣንማ መቼ ይጾማል! ይህ ክርስቲያን ነው። ለመሆኑ እናንተ ጋ ኢንተርኔቱ ከየት ነው የሚመጣው?»

«ከግድግዳው» አልኳቸው። ከዚያ በላይ አላውቅም ነበር።

«መጣሁ» አሉ።

በዳግም ትንሣኤ እሑድ በማለዳው ባቡር መጡ። ትልቅ ቦርሳ ይዘዋል። አዳራሹ ውስጥ ወንበር ስናቀርብላቸው፣ «እናንተ አስቀድሱ፤ እኔ ወጥ ቤት እሆናለሁ» ብለው አሰለፈች ጋ ገቡ። አሰለፈች በየእሑዱ ሻይ የምታፈላልን እሷ ናት። ከሌሊት ጀምሮ እህል ሳይቀምስ የመጣ ሰው፣ ቅዳሴው እንዳበቃ ትኩስ ነገር እንዲያገኝ ትፈልጋለች። እኔ ወጥ ቤቱን ገብቼበት አላውቅም፤ ምን ቆርጦኝ!

ጊዜው ደረሰ። ድምፁ ጠፋ። ጢን፣ ጢን። «ይኸውላችሁ!» አለ ቢራራ። እትዬ መስመርን ልጠራ ሮጥኩ። ከአሰለፈች አጠገብ በርጩማ ላይ ተቀምጠው ብርጭቆ እያጠቡ ነው። ዓይናቸው ግን ግድግዳው ላይ ነው። እዚያ መደርደሪያ ላይ የአከራዮቻችን ትንሽ የኢንተርኔት ሣጥን ተቀምጣለች፤ መብራቷ ሁሉ ጠፍቷል። ከሶኬቱ የተነቀለው ሽቦዋ በሥነ ሥርዓት ተጠቅልሎ ጎኗ ላይ ተቀምጧል። ሶኬቱ ላይ ያለው የሻዩ ውሃ ማፍያ ነው።

አፌን ስከፍት እትዬ መስመር እርጥብ ጣታቸውን ከንፈራቸው ላይ አደረጉ።

«ታዬ፣ አሳፈርከኝ» አለች አሰለፈች፣ ምንም ሳታውቅ። «እንግዳ ብርጭቆ እያጠቡ አንተ ቆመህ ታያለህ?»

ውሃው ሲፈላ ማፍያውን ነቀለች። የትንሿን ሣጥን መሰኪያ በሽርጧ ጠረገችና ቦታው መለሰችው። «የሰው ዕቃ እንደነበረ ነው መመለስ» አለች፤ ይህ ሁሌም ልማዷ ነው። መብራቶቹ አንድ በአንድ በሩ።

አዳራሹ ውስጥ ሕዝቡ ሊለያይ ተቀምጧል። ለያይታው የሰነበተችው ደግሞ የኔዋ አሰለፈች ናት፤ በሻይ! ቢራራ ይህን ቢያውቅ በዚያ ፍሬን በሌለው አንደበቱ ምን እንደሚላት፣ እሷም ከዚያ ወዲያ ሰው ፊት እንዴት እንደምትቀርብ አሰብኩ። አሰለፈች ሰው አስቀየምኩ ብላ ካሰበች ሳምንት እህል የማይወርድላት ሴት ናት።

ሻዩ ተቀዳ። እትዬ መስመር መዝገቡን ከቦርሳቸው አውጥተው ጠረጴዛ ላይ ዘረጉት። ቢራራ ብድግ አለ።

«እሰይ! ወረቀቱ ይናገር። ማን ነው የሚቆርጠው?»

«ወረቀቱ ማንን አያውቅም፣ ልጄ። የሚያውቀው የትን ነው።»

«እሺ፣ የት ነው?»

«ጄኔቫ አይደለም። እዚህ ነው፤ ከዚህ ሕንፃ ውስጥ።»

አዳራሹ ተንጫጫ። «ከእኛ መካከል? ማን ነው እሱ? ይነገረን!» ሰው ጎን ለጎን መተያየት ጀመረ። ያን መተያየት አልወደድኩትም።

እትዬ መስመር አንገታቸውን ጠመም አድርገው ጫጫታው እስኪበርድ ጠበቁ። «ብልሽቱ የሶኬት ማነስ ነው» አሉ። «ወጥ ቤቱ አንድ ሶኬት ነው ያለው። ኢንተርኔቱም ሻዩም በእሱ ነው የሚኖሩት። ይህን መሣሪያ የተከልኩት እኔ ነኝ፤ ወጥ ቤቱን ገብቼ አላየሁም። እንግዲህ ማን የምትሉ ከሆነ እኔን ያዙኝ።»

አሰለፈች ማንቆርቆሪያውን እንደያዘች ቆመች። ፊቷ ሲለዋወጥ አየሁ። ገባት። «እንዴ... ታዲያ እኮ እኔ...» ብላ ስትጀምር እትዬ መስመር ብርጭቋቸውን ቶሎ ዘረጉላት።

«አሰለፈችዬ፣ ጨምሪልኝማ! ቅርንፉዱ እንዴት ሸጋ ነው።»

አሰለፈች ቀዳች። እትዬ መስመር በሌላ እጃቸው ከሥር ብርጭቆውን ሳይሆን የእሷን እጅ ያዙ።

ቢራራ አልለቀቀም። «ይቅርታ፣ እትዬ፤ ግን የነቀለው ሰው አለ።»

«ሰው የምትፈልግ ከሆነ ፖሊስ ጋ ሂድ፤ እኔ የመስመር ሠራተኛ ነኝ» አሉ፤ ሰው ሣቀ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «የወንድምህን ስም ነው የምትጠብቀው፣ አውቃለሁ። ስም ለጸሎት ነው የሚጠራ፣ ልጄ፤ ለክስ አይደለም። በሚመጣው እሑድ ትሰማዋለህ» አሉት። ቢራራ ተቀመጠ። ከቦርሳቸው ነጭ የሶኬት ማራዘሚያ አወጡ፤ ጄኔቫ፣ ፓኪ የሚባል ሰፈር ካለ የአረብ ሱቅ ገዝተው የመጡት ነው። ከመምጣታቸው በፊት ገብቷቸው ነበር ማለት ነው። መለየቱን ያን ቀን ማንም መልሶ አላነሣው።

ባቡር ልንሸኛቸው ሄድን። መድረኩ ላይ አሰለፈች አላስቻላትም። «እትዬ፣ ለምን አልተናገሩብኝም? ይቅርታ ጠይቄ በተገላገልኩ።»

«አዲስ አበባ ስልክ አገናኝ ሳለሁ» አሉ፣ ባቡሩ የሚመጣበትን አቅጣጫ እያዩ፣ «በዚያ ክፉ ዘመን አንድ መስመር ወደቀ። አለቆቹ ማን ቆረጠው አሉ። ማን ተብሎ ከተጠየቀ ስም አይጠፋም። አንድ ጓደኛችንን ወሰዱት፤ አልተመለሰም። በኋላ መስመሩን ሄደን ስናይ የባሕር ዛፍ ቅርንጫፍ ነው የወደቀበት።» ነጠላቸውን አስተካከሉ። «ከዚያን ጊዜ ወዲህ ደወል ሲጮህ የት ነው እላለሁ። ማን ነው ብዬ አላውቅም።»

በሚቀጥለው እሑድ አሰለፈች ማፍያውን በማራዘሚያው ሰካች። መስመሩ ከመነሻው እስከ መድረሻው አረንጓዴ ነበር። ማስታወቂያው ደረሰ። ቄሱ ስም መጥራት ጀመሩ። ቢራራ ድምፅ ማጉያው ሥር እንደ ልማዱ ቆሟል። «ኃይለ ሚካኤል» ሲባል የትራም ነጂ ቆቡን ፊቱ ላይ ደፋው። ትከሻው ብቻ ይነቃነቅ ነበር። ሻይ ሲቀዳ ከአሰለፈች እጅ ማንቆርቆሪያውን ተቀብሎ ለሁላችን እሱ አደለ፤ ያውቅ ይሁን አያውቅ እስካሁን አልጠየቅኩትም። ወንድሙ በኋላ ተፈትቷል፤ ደህና ነው።

ዓመታት አለፉ። ዙሪክም የራሷን ቄስ አገኘች። ሣጥኖቹ ግን አልተነሡም፤ ለበዓልና ለሐዘን እንገናኝባቸዋለን። አሰለፈች ከዚያ በኋላ ታመመችና አረፈችብኝ። ሕዝቡ ደግ ነው፤ ቤቴ ለሳምንታት ሰው አልተለየውም። ሰው ሲሄድ ግን ቤቱ ጸጥ አለ። ቤተ ክርስቲያንም መሄድ ተውኩ፤ የዚያን ወጥ ቤት በር ማየት ከበደኝ። ስልክም አላነሣም።

አንድ እሑድ ጠዋት ስልኩ ጮኸ፣ ጮኸ፣ አላቆም አለ። አነሣሁት። ጧ፣ ጧ።

«ታዬ፣ አለህ?»

መናገር አቃተኝ።

«ትንፋሽህ ይሰማኛል» አሉ እትዬ መስመር። «አይዞህ። አንተ ቢጫ ነህ እንጂ ቀይ አይደለህም። መስመር አለ፣ ድምፅ የለም፤ ይህ ብልሽት አይባልም። ቢጫን አንነካውም፤ እንጠብቀዋለን።» ጠበቁ። ምን ያህል እንደ ጠበቁ አላውቅም። በስልኩ ውስጥ ጄኔቫ ዳር፣ ቶኔ የሚባል ሰፈር ያለው ቤታቸው ደጃፍ ላይ አውቶቡስ ቆሞ ሲሄድ፣ ሌላ መጥቶ ሲቆም እሰማ ነበር። በመጨረሻ ቀስ ብለው፣ «እስቲ አባታችን ሆይ በል» አሉኝ።

አልኩ። መካከል ላይ ተሰበርኩ፤ እሳቸው ቀጥለው አነሡኝ።

«ደህና ነው» አሉ ሲያልቅ። «አረንጓዴ። የሚመጣው እሑድ ደግሞ እፈትሻለሁ።»

ፈተሹም። ከዚያ እሑድ ጀምሮ እስከ ታመሙበት ድረስ አልቀሩም። ሌላ ምክር አልሰጡኝም፤ ጊዜ ያድናል፣ ሰው ጋ ሂድ፣ አላሉኝም። አባታችን ሆይን አስብለውኝ ሻይ እንዳፈላ ያዝዙኝ ነበር። ቅርንፉድ እንዳልረሳም። እኔም አልረሳሁም። ቀስ በቀስ እግሬ ወደ አዳራሹ መለሰኝ። ዛሬ በእሑድ ሻዩን የማፈላው እኔ ነኝ፤ በዚያው ነጭ ማራዘሚያ።

ቀብራቸው ዕለት ከዙሪክ ብዙ ሰው ጄኔቫ ሄደ። ቢራራ መኪናውን ይዞ መጥቶ፣ «ጋሼ፣ ይምጡ እንጂ» አለኝ። መሄድ እፈልግ ነበር። ግን ጉዞ ያልቻሉ ሽማግሌዎችና አሮጊቶች አዳራሹ ውስጥ ተቀምጠው ፍትሐቱን ሊሰሙ ይጠብቃሉ። «መስመር ሁለት ጫፍ አለው፤ አንደኛው ላይ ሰው ከሌለ ሽቦ ብቻ ነው» ይሉ ነበር እትዬ መስመር። ቀረሁ።

ፍትሐቱ ከመጀመሩ በፊት ማይኩን በጥፍሬ ሁለት ጊዜ መታሁት። ከጄኔቫ በኩል ማርታ ነበረች። «ጋሼ፣ አሉ?» አለች። «አለሁ፣ ልጄ» አልኳትና አባታችን ሆይን አልኩ። እሷም ከዚያ በተኮላተፈ አማርኛዋ ተከተለችኝ።

ከዚያ ቄሱ ነፍሷን ይማር እያሉ የእትዬ መስመርን የክርስትና ስም ጠሩ። በእነዚያ ሁሉ ዓመታት ጠይቄያቸው አላውቅም ነበር። ሲያበቁ ማንም አልተናገረም፤ እዚያም እዚህም ዝም ተባለ። ሣጥኑ ላይ ቢጫ መብራት በራ። አልነካሁትም። ተቀምጬ ጠበቅኩት። ከዚያ ተነሥቼ ማፍያውን ሰካሁ።

በጨለመብኝ ጊዜ እጄን ይዘው ያሻገሩኝ ሰው ወይዘሮ አጸደ ናቸው፤ በክርስትና ስማቸው ወለተ ጊዮርጊስ።